አዲሱን ኪካድ ልጫን ወይስ በአሮጌው ልቆይ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ። ለፍሪጅ የሚሆን የቮልቴጅ መከላከያ ቦርድ በኪካድ 5.1 (የሰርኪት ቦርድ መንደፊያው ፕሮግራም) እየነደፍኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ የሱን ንድፍ በቴሌግራም ላከልኝ። ልከፍተው ስል ‹በአዲስ ስሪት የተሠራ ነው› ብሎ እምቢ አለኝ። አዲሱን ላውርድ ብዬ ገባሁ፣ ከአንድ ጊጋ በላይ ነው። ሁለቴ መሀል ላይ ተቋረጠብኝ። በሦስተኛው ወረደ፤ ስጭነው ግን ‹ኢንተግሪቲ› ምናምን ብሎ ተዘጋ። ገጹም ገንዘብ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ የውጭ ካርድ የለኝም። አንድ ጓደኛዬ ክራክ የተደረገ ሙሉ ቨርዥን በፍላሽ አለኝ ይላል። አሮጌውን ካጠፋሁት የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል? አፕዴት ማድረግስ ግዴታ ነው? አቦ ግራ ገባኝ።»

የጓደኛህን ፍላሽ ተወው። ኪካድ ክራክ የለውም፤ ቁልፍ የሌለውን ነገር ምኑን ይሰብሩታል? ከመጀመሪያውም ነፃ ነው። የፈቃድ ኮድ አይጠይቅም፣ ከ30 ቀን በኋላ አይዘጋም፣ «ሙሉ» እና «ጎደሎ» የሚባል ነገርም የለውም። ዛሬ እጅህ ላይ ያለው 5.1 ራሱ ሙሉው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ክራክ የተደረገ ኪካድ አለኝ ካለህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ተራውን ነፃ ፋይል ሳያውቀው ይዞ ይዞራል፣ ወይ ደግሞ ከሱ በፊት የያዘው ሰው ፋይሉ ላይ የራሱን ነገር ጨምሮበታል። ሁለተኛው ከሆነ ዕዳው ላፕቶፕህ ላይ ነው የሚወድቀው። የሾርትከት ቫይረስ በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ እንዴት እንደሚዞር ለጥገና ሰው አልነግርም።

ነፃ ነው ሲባል «እንግዲያው የልጆች መጫወቻ ነው» የሚል አለ። ነገርየውን ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1992 ጀመረው። ከ2013 ወዲህ የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ባለሙያና ገንዘብ አዋጣበት። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ነው። ፈቃዱ ጂፒኤል ነው። ማንም ያወርደዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ለጓደኛው ይሰጣል፣ በሱ የነደፈውንም ይሸጣል። የፍሪጅ መከላከያህን በሺህ ፍሬ ብትሸጥ «የኔ ድርሻስ?» የሚልህ የለም። የቦርዱን ስፋት አይገድብም፤ እስከ 32 የመዳብ ንብርብር ይፈቅዳል። «ነፃው ቨርዥን ትንሽ ቦርድ ብቻ ነው የሚሠራው» የሚለው ወሬ የመጣው ኢግል ከሚባለው ሌላ የቦርድ መንደፊያ ነው። የኢግል ነፃው ፈቃድ 80 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ሁለት ንብርብር ላይ ይቆም ነበር። ኢግልን ራሱን ባለቤቱ ኦቶዴስክ እ.ኤ.አ. ጁን 2026 ላይ እንደሚያቆመው አስታውቋል፤ ስለዚህ ወደዚያ ልሂድ ብለህ አታስብ።

ገጹ ላይ ያየኸው የገንዘብ ጥያቄ መዋጮ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ማውረጃውን ስትጫን «ብታግዙን» የሚል ነገር ብቅ ይላል። ፋይሉ ግን ከፈልክም አልከፈልክም ይወርዳል። ካርድ የለኝም ብለህ የሚቀርብህ ምንም የለም። ካርድ ካላስገባህ ፋይሉን የማይለቅ ገጽ ካጋጠመህ ደግሞ የኪካድ ገጽ አይደለምና ዝም ብለህ ውጣ።

አድራሻው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትክክለኛው «ኪካድ ነጥብ ኦርግ» ነው፣ በቃ። ቀድሞ ግን ከኪካድ ቀጥሎ ሰረዝና «ፒሲቢ» የሚል ቃል ያለበት አድራሻ ነበረው። ያ የድሮ አድራሻ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ከፕሮጀክቱ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ወገን ተሸጠ። ችግሩ የ5.1 ዘመን ቪዲዮዎችና ሃንድአውቶች አሁንም ወደዚያ ነው የሚጠቁሙት። አንተም 5.1ን የተማርከው ከነዚያ ከሆነ የያዝከው ሊንክ የቱ እንደሆነ መልሰህ እየው።

አሁን ወደ «ኢንተግሪቲ» ጣጣህ። ይህንን መልእክት ያየ ሰው ቶሎ ወይ ቫይረስ ወይ የሃርድ ዲስክ ብልሽት ይለዋል። ብዙውን ጊዜ አይደለም። መጫኛው ከመዘርጋቱ በፊት ራሱን ይፈትሻል። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ወይም ከተበላሸች አልሠራም ብሎ ይዘጋል። ያንተ ፋይል «ወርዷል» ቢልህም ሙሉውን አልወረደም። ብሮውዘር መስመሩ ሲቆረጥበት አንዳንዴ እጁ ላይ ያለውን ይዞ «ጨርሻለሁ» ይላል። ጊትሀብ (መጫኛው የሚወርድበት ድረ ገጽ) ላይ ከፋይሉ ጎን መጠኑ ተጽፏል፤ ካንተው ጋር አወዳድረው፣ ጉድለቱን በዓይንህ ታየዋለህ። እንዲህ ያለውን ፋይል እንደገና ዲስክ አጽድተህ፣ አንቲቫይረስ አጥፍተህ ለመጫን አትታገል። አይሆንም።

መፍትሄው ከቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ነው። አይዲኤም ሰው ሁሉ ጋ አለ፣ ግን አብዛኛው ክራክ ነው፤ ከክራክ ሸሽተን ወደ ክራክ አንገባም። «ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀር» የሚባለው ነፃ ነው፣ ያንን ጫን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፦ ጊትሀብ የሚሰጥህ የማውረጃ ሊንክ ጊዜያዊ ነው። ማታ አቁመህ ጠዋት «ቀጥል» ስትለው ስህተት ሊሰጥህ ይችላል። ያኔ ተናደህ የወረደውን አትሰርዘው። ገጹን እንደገና ከፍተህ አዲሱን ሊንክ ማውረጃው ላይ ተካለት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ወይም ገጹ ከሚዘረዝራቸው ምንጮች የሰርንን ምረጥና ይህንን ጣጣ ሳታየው እለፍ።

ሌሊት አውርድ። የሌሊት ጥቅሉ ይረክሳል፣ መስመሩም ይከፈታል። ሁለት ሲም ካለህ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም የጀመርከውን በሳፋሪኮም መጨረስ ትችላለህ፤ ለማውረጃው ሲሙ ጉዳዩ አይደለም። የላፕቶፕህ ባትሪ ሞቶ በሶኬት ብቻ የሚሠራ ከሆነም አትጨነቅ። መብራት ቢጠፋ የወረደው ቁራጭ ዲስክ ላይ ይቆያል። መጫን ላይ እያለህ ቢጠፋ ደግሞ መጫኛውን እንደገና ማስኬድ ነው።

ከአንድ ጊጋ በላይ የሆነው ፕሮግራሙ ራሱ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ትልቁን ቦታ የያዘው የ3ዲ ሞዴሉ ነው። እያንዳንዱ ኮኔክተር፣ እያንዳንዱ ካፓሲተር በቅርጹ ተሠርቶ ተቀምጧል። ዊንዶውስ ላይ ስትጭን 3ዲውን ካልፈለግክ ምልክቱን ማንሳት ትችላለህ። ዲስክህን ይቆጥብልሃል፣ ዳታህን ግን አይመልስልህም፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ታሽጎ ነው የሚወርደው። ሊኑክስ ላይ 3ዲው ለብቻው ፓኬጅ ስለሆነ ሳይወርድ መተው ይቻላል።

ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ሲገባልህ ከመጫንህ በፊት አንድ ደቂቃ ስጠው። በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ግባና «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ክፈት። የፈረመው «ኪካድ ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን» መሆን አለበት። ፊርማው ከሌለ፣ ወይም ስሙ ሌላ ከሆነ፣ ወይም ፊርማው አይሠራም ካለህ ፋይሉን ጣለው። ይህንን ካወቅክ ደግሞ ከሰው መቀበልም ያን ያህል አያስፈራም። የአክስትህ ልጅ በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ወይም በቴሌግራም ቢሰጥህ፣ ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ስለሚያሳልፍ ይበቃል። ጂፒኤሉም ማካፈልን ይፈቅዳል። ማን ሰጠኝ ብለህ አትመን፣ ፊርማውን እይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ሥራ የሚያበላሸው እዚህ ነው።

የኪካድ ስሪት ሦስት ቁጥር አለው። 8.0.4 ብንል፣ ለፋይል የሚያስጨንቀው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ 7 በ2023፣ 8 በ2024፣ 9 በ2025 ነው። ትልቁ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር የፋይሉ አጻጻፍ ይለወጣል። አዲሱ የአሮጌውን ፋይል ያነባል። አሮጌው ግን የአዲሱን አያነብም። «ለአሮጌው እንዲሆን አድርገህ ሴቭ አድርግ» የሚል ምርጫም የለውም፤ ሰው ሁሉ ሜኑ ሲያስስ የሚውለው እሱን ፍለጋ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሲለወጥ፣ ከ8.0.2 ወደ 8.0.4 እንደማለት፣ ሳንካ ማረሚያ ብቻ ስለሆነ ፋይሉ ወዲያም ወዲህም ይከፈታል። መሀሉ ላይ 99 ያለበት ካየህ ደግሞ ገና እየተሠራ ያለ የሙከራ ስሪት ነው። በሱ ሴቭ ያደረግከውን የተረጋጋው ስሪት አይከፍትልህም። ለሥራ አትንካው።

የአክስትህ ልጅ በየትኛው እንደሠራው ሳትደውልለት ማወቅ ትችላለህ። የቦርዱን ፋይል በኖትፓድ ክፈተው። አናቱ ላይ «ቨርዥን» ከሚለው ቀጥሎ ቀን የሚመስል ቁጥር አለ። 20171130 ከሆነ የ5 ነው። 20211014 የ6፣ 20221018 የ7፣ 20240108 የ8፣ 20241229 የ9 ነው። ይህንን ሲሰማ ቁጥሩን በእጁ ወደ 20171130 ቀይሮ ለማታለል የሚሞክር አይጠፋም። አይሠራም። ቁጥሩ መለያ ነው እንጂ ይዘቱን አይለውጠውም፤ ቢከፈት እንኳ አንዳች ነገር ጎድሎ ነው የሚከፈተው።

አሮጌውን ካጠፋሁ ሥራዬ ይጠፋል ወይ ላልከው፣ አይጠፋም፤ ማጥፋትም አያስፈልግህም። ሥራህ ያለው ፕሮጀክት ፎልደርህ ውስጥ ነው። ከ6 ጀምሮ እያንዳንዱ ትልቅ ስሪት የራሱ ፎልደርና የራሱ ሴቲንግ ስላለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። 5.1ህ ባለበት ይኑር፣ አዲሱ አጠገቡ ይጫን።

አደጋው ያለው ከማጥፋቱ ይልቅ መክፈቱ ላይ ነው። የ5.1 ፕሮጀክትህን በአዲሱ ከፍተህ ሴቭ ስታደርግ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። የስኬማቲኩ (የሰርኪት ስዕሉ) ፋይል አዲስ ቅጥያ ይዞ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ የድሮው ባለበት ይቀራል። የቦርዱ ፋይል ግን ቅጥያው በሁለቱም አንድ ስለሆነ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። ስኬማቲኩ በ5.1 ሲከፈት ያየ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ይዝናናል። ቦርዱን ሊከፍት ሲል ነው የሚያዝነው። ስለዚህ በአዲሱ ከመክፈትህ በፊት ፎልደሩን እንዳለ ገልብጥ፣ ስሙ ላይ 5 ብለህ ጻፍበት፣ ከላፕቶፑ ውጭም አንድ ቅጂ አስቀምጥ። አዲሶቹ ስሪቶች በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የራሳቸውን ባክአፕ በዚፕ ያስቀምጣሉ፣ ጥሩ ነው፤ ከመቀየርህ በፊት ያለውን ግን አንተ ነህ የምታስቀምጠው።

ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለህ አንብበው፣ ምክንያቱም ያንተ ቦርድ 220 ቮልት የሚገባበት ነው። በ5.1 የኔት ክላስ መረጃ፣ ማለትም የዚህ መስመር ስፋት ይህን ያህል፣ ከሌላው ያለው ርቀት ይህን ያህል የሚለው፣ ቦርዱ ፋይል ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ከ6 ወዲህ ወጥቶ ወደ ፕሮጀክቱ ፋይል ገባ። እንግዲህ ቦርዱን በአዲሱ ሴቭ አድርገህ የቦርዱን ፋይል ብቻ ነጥለህ ለሰው ብትልክ፣ ወይም ሰው እንዲህ ነጥሎ ቢልክልህ፣ ሕጉ መንገድ ላይ ይቀራል። አንተ ለመብራት መስመሩ 3 ሚሊ ሜትር ብለህ የሰጠኸው ክፍተት ይጠፋና በቦታው ነባሪው 0.2 ሚሊ ሜትር ይገባል። የተሳሉት መስመሮች አይንቀሳቀሱም፣ ስለዚህ በዓይን ስታየው ምንም አልሆነም። ከዚያ «ቢ» ተጭነህ የግራውንዱን መዳብ እንደገና ስትሞላው መዳቡ በራሱ ነባሪ ክፍተት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ፣ ወደ 220ው መስመር ይጠጋል። ዲአርሲ (ቦርዱ ሕጉን መጠበቁን የሚፈትሸው) ብታስኬድ ዜሮ ስህተት ይልሃል፤ ሕጉ ጠፍቷላ፣ በምን ይከስሃል? ፕሪንት ይደረጋል፣ ይታጠባል፣ ይበየዳል፣ ይሞከራልም። ከዚያ አቧራና እርጥበት የገባበት ቀን የደንበኛህ ፍሪጅ አጠገብ ይተኮሳል። በአዲሱ ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው «ቦርድ ሴታፕ» ውስጥ የኔት ክላሱን ቁጥሮች ይሁን። ከ5.1 ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። መዳቡን የምትሞላው ከዚያ በኋላ ነው፣ ዲአርሲውም ከዚያ በኋላ።

ሌላው የ5 ጣጣ የካሽ ፋይሉ ነው። በ5.1 ስኬማቲክ ውስጥ የፓርቱ ስዕል የለም፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ስዕሉን የያዘው አጠገቡ ያለው፣ ስሙ «ካሽ» ብሎ የሚያልቀው የላይብረሪ ፋይል ነው። ሰው ፎልደሩን «ሲያጸዳ» መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው፤ ካሽ ሲባል ቆሻሻ ይመስላላ። ፋይሉ ከሌለና ላይብረሪውም ከተለወጠ ስትከፍተው ፓርቶቹ በጥያቄ ምልክት የተሞሉ ሳጥኖች ይሆናሉ። ስለዚህ በአዲሱ እስክትከፍተውና ሴቭ እስክታደርገው ድረስ የካሽ ፋይሉ ካጠገቡ አይለይ። ከ6 ወዲህ ስዕሉ ስኬማቲኩ ውስጥ ራሱ ስለሚገባ ይህ ችግር ቀርቷል። እኔ ከ5 መውጣት ይገባል የምለው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ አማረ መልኩና ስለ አዳዲስ ቁልፎቹ ብዙ ግድ የለኝም።

ይኸው ነገር የላይብረሪ አፕዴት ፍርሃትንም ይመልሳል። አዲሱ ስሪት የራሱን አዲስ ላይብረሪ ይዞ ይመጣል። የተሠራ ቦርድህ ውስጥ ያሉት ፉትፕሪንቶች (ፓርቶቹ የሚበየዱባቸው ቅርጾች) ግን ራሳቸው አይለወጡም። የሚለወጡት አንተ «ፉትፕሪንቶችን ከላይብረሪ አድስ» ያልከው እንደሆነ ነው። ያለቀ ቦርድ ላይ ያንን አትጫን።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ በእጅህ የጠመጠምከው ትራንስፎርመር ወይም ከአሮጌ ቦርድ የነቀልከው ሪሌይ ፉትፕሪንት የት ነው ያስቀመጥከው? ብዙ ሰው ያለውን ላይብረሪ ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ እዚያው «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ሴቭ ያደርጋል። ያ ቦታ የፕሮግራሙ ነው። 5.1ን ያጠፋህ ቀን አብሮ ሊሄድ ይችላል። «አሮጌውን ካጠፋሁት ሥራዬ ይጠፋል?» ላልከው እውነተኛው ስጋት ይህ ብቻ ነው። የራስህን ፉትፕሪንቶች አሁኑኑ አውጥተህ «ዶክመንትስ» ውስጥ የራስህ ፎልደር ላይ አድርጋቸው፤ አዲሱ ላይ ከዚያ ትጨምራቸዋለህ። አዲሱ መጀመሪያ ሲነሳ የላይብረሪ ዝርዝር ሲጠይቅህ «ይመከራል» የሚለውን ነባሪውን ተቀበል። የድሮ ዝርዝርህን ካስገባህበት የድሮ መንገዶችን ይዞ ይመጣና ግማሹ ላይብረሪ አልተገኘም ይልሃል።

አፕዴት ግዴታ ነው ወይ? አይደለም። ኪካድ ራሱን አያድስም። አዲስ ወጣ ብሎ ሊነግርህ ይችላል፣ ከዚያ ግን ሙሉውን መጫኛ እንደገና ማውረድ ነው፤ ቁራጭ ማሟያ የለውም። ዳታ እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቦርድ ለማስመረትም አዲስ ስሪት አያስፈልግም። ፋብሪካው የሚፈልገው የገርበር ፋይልና (የቦርዱ ንብርብሮች ስዕል) የመብሻ ፋይል ነው፤ በ5.1 ይውጣ በ9 አይጠይቅህም። በቤትህ በፌሪክ ክሎራይድ የምታጥብ ከሆነም እንዲሁ። ብቻ ስሪት ከቀየርክ በኋላ መጀመሪያ የምታትመውን ወረቀት በማስመሪያ ለካው፤ ሚዛኑ 1 ለ 1 መሆኑንና መስታወት ምርጫው እንደ ድሮው መሆኑን ሳታይ ቶነሩን መዳብ ላይ አትጫነው።

የላፕቶፑን ነገር አልነገርከኝም። ዊንዶውስ 7 ከሆነ አዲሶቹ አይሠሩልህም፤ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ነው የሚፈልጉት። ለዊንዶውስ ሲባል አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛትህ በፊት ኡቡንቱ ሊኑክስን ሞክር። የኡቡንቱ 24.04 ስሪት ከራሱ ማከማቻ ኪካድ 7ን ይሰጥሃል፤ ከዚያ በላይ ከፈለግክ የኪካድን የራሱን ማከማቻ መጨመር ነው። ሲ ድራይቭህ ላይ 10 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ አዘጋጅ። ቦርዱን ስትከፍት ስክሪኑ ከጠቆረ ወይም ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ከተዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የግራፊክስ ድራይቨር ነው። «ፕረፈረንስስ» ገብተህ ግራፊክሱን ወደ «ፎልባክ» ቀይረው። ይንቀራፈፋል፣ ግን ይሠራል።

ምክሬ ይህ ነው። የፍሪጅ መከላከያውን በ5.1 ጨርሰው። ገርበሩን አውጣ፣ አሳትም፣ ሞክር፣ እስከዚያ ምንም አትቀይር። መሀል ሥራ ላይ ስሪት መቀየርን የሚያህል የራስ ምታት የለም። በጎን ግን የአክስትህ ልጅ የሚጠቀምበትን ትልቅ ቁጥር አውርደህ ከ5.1 አጠገብ ጫንና የሱን ፋይል በሱ ክፈት። እሱ 8 ላይ ከሆነ አንተም 8፤ 9 ስለወጣ 9 አትበል። የቆዩ ስሪቶችም እዚያው ገጽ ላይ ይገኛሉ። ቀጣዩን ሥራህን ከመጀመሪያው በአዲሱ ጀምር። ከዚያ በኋላ አዲስ ትልቅ ስሪት ሲወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ፌብሩዋሪ አካባቢ ነው፣ መጨረሻው ዜሮ የሆነውን አትቸኩልበት። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እርማት ይውጣ፣ ሁለታችሁም ሥራ ያልያዛችሁበትን ሳምንት ምረጡና በአንድ ቀን ቀይሩ።

ለልጁም ንገረው፦ ከእንግዲህ የቦርዱን ፋይል ብቻ ነጥሎ በቴሌግራም አይላክ። «ፋይል» ውስጥ «አርካይቭ ፕሮጀክት» የሚል አለ፤ ሁሉንም በአንድ ዚፕ ያስርለታል። ዚፑን ይላክ፣ ስሙ ላይም የስሪቱን ቁጥር ይጻፍበት። አዲሱን ለመጫን ሳምንት ከፈጀብህ ደግሞ እስከዚያ ስኬማቲኩን በፒዲኤፍ አውጥቶ ይላክልህ፣ ለማየት ይበቃሃል።